አንድ ኬብልና መቶ ስልሳ በር

ጥቅምት 6

ለእህቴ ልጅ፣

ይህች ወረቀት ካለሽበት በሰላም ትድረስ። ጤናሽ እንዴት ነው? ሥራሽስ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ። ሱቄም እዚያው ደረጃው ሥር ነች። የጎረቤቶቼ ሱቆች ሦስት ጊዜ ባለቤት ሲቀያይሩ እኔና እሷ አለን።

አራት ዓመት ሙሉ እንዳልጻፍኩልሽ አውቃለሁ። አንቺም አልጻፍሽም። እናትሽን በቀበርን ሰሞን የላክሻት ባለ ሁለት መስመር ወረቀት እጄ ላይ አለች። «እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ መምጣት አልቻልኩም» ትላለች። ፊደሏ የጀማሪ ተማሪ ፊደል ነው፤ እየሮጥሽ የጻፍሻት መሰለኝ። ለእናት ሁለት መስመር ከበቃ ለአጎትማ ምን ሊተርፍ ነው ብዬ ተውኩት። ይህን የማነሳው ለወቀሳ አይደለም። ምንም እንዳልተፈጠረ ሆኜ ወደ ጉዳዬ ብገባ ማስመሰል ይሆንብኛል ብዬ ነው።

ጉዳዬ ይህ ነው። እንደምታውቂው አርባ አንድ ዓመት ማኅተምና የበር ሰሌዳ በእጄ ስቀርጽ ኖሬአለሁ። ዘንድሮ ማሽን ገዛሁ። ለምን ገዙ ብለሽ አትጠይቂኝ፤ ዘመኑ ነው። የማስታወቂያ ቤቱን ከዘጋ ሰው ነው የገዛሁት። ቁመቱ እንደ ልብስ ሣጥን ነው፤ ክዳኑ መስታወት ሆኖ በውስጡ ጨረር እየተመላለሰ እንጨቱን ይልጥና ፊደል ያወጣል። የሚቀርጸውን ከኮምፒውተር ይቀበላል። ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ፍላሽ የሚሰካበት ቀዳዳ በመኪና ሲመጣ ተጨፍልቋል። የቀረው የኔትወርክ ኬብል የሚገባበት ብቻ ነው። የኬብሉን አንዱን ጫፍ ከማሽኑ፣ ሌላውን ከኮምፒውተሩ ሰካሁ። ኮምፒውተሩ «ማሽኑ አልተገኘም» ይላል። ከፊቱ ሁለት ክንድ ርቆ ተገትሮ ሳለ አልተገኘም ይለኛል።

የሰፈራችንን ጠጋኝ አምጥቼ ነበር። ሰዉ «አለቀለት» እያለ ነው የሚጠራው፤ ምንም ዕቃ ብታሳዪው «ይሄማ አለቀለት» ነው መልሱ። ማሽኑንም ክዳኑን ሳይከፍት አለቀለት አለኝ።

እኔ ግን እንዲያልቅለት ጊዜ የለኝም። የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አዲስ ሕንፃ ሠርቷል። መቶ ስልሳ በር አለው። ለእያንዳንዱ በር ፊደሉ ወጣ ያለ፣ ከሥሩም የብሬል ነጥብ ያለው፣ በጣት የሚነበብ ሰሌዳ ይፈልጋሉ። እስከ ጥር መጨረሻ ናሙና ያላመጣ ከውድድሩ ይወጣል። ከእኔ ጋር የሚፎካከረው ከመንገዱ ማዶ ያለው ባለ ነሐሱ ቤት ነው።

እናትሽ በሕይወት ሳለች በትልልቅ ሕንፃ ውስጥ ኬብል እንደምትዘረጊ ትነግረኝ ነበር። እንግዲህ የምታውቂውን በወረቀት ላኪልኝ። ስልክ አትደውዪ። በስልክ የተነገረኝ ነገር ከጆሮዬ ወደ እጄ ሳይወርድ መንገድ ላይ ይጠፋል።

አጎትሽ፣ ማኅተም ቀራጩ

*

ኅዳር 9

ለተከበሩ አጎቴ፣

ጋሼ፣ ለጤናዎ እንደምን አሉ? እኔ ደኅና ነኝ። ደብዳቤዎ የድሮ ቤቴ ሄዶ ስለነበር ዘግይቶ ነው የደረሰኝ። ከደረሰኝ በኋላ ደግሞ እኔው ራሴ አንድ ሳምንት አቆየሁት። ስለ ሁለቱ መስመር የጻፉትን አንብቤአለሁ። እሱን ሌላ ጊዜ።

ስለ ማሽኑ። እኛ ሥራ ላይ አንድ ደንብ አለን፤ መጀመሪያ ገመዱን፣ ከዚያ ቁጥሩን፣ በመጨረሻ ሰውየውን ጠርጥር እንላለን። ስለዚህ ከገመዱ እንጀምር። ማሽኑንም ኮምፒውተሩንም ያብሯቸው። ኬብሉ የሚሰካበትን ቀዳዳ ጠጋ ብለው ይዩት፤ ከጎኑ የስንዴ ፍሬ የምታክል መብራት አለች። በሁለቱም በኩል ትበራለች? ከበራች ሁለቱ ተያይዘዋል ማለት ነው። ካልበራች ኮምፒውተሩን አይስደቡት፤ ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

ኬብሉን ሲሰኩ «ቀጭ» የሚል ድምፅ መስማት አለብዎት። ካልሰሙ አልገባም። ገብቶም ካልበራ ሌላ ኬብል ይሞክሩ። አዲስ መሆኑ ዋስትና አይደለም፤ ከካርቶኑ የወጣ አዲስ ኬብል ሞቶ ያገኘሁበት ቀን ብዙ ነው።

ያዩትን ይጻፉልኝ። የገመቱትን ሳይሆን ያዩትን።

እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝምልኝ።

የእህትዎ ልጅ

*

ኅዳር 26

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላምና ጤና ካንቺ አይለይ። እኔ ደኅና ነኝ።

ያዩትን ይጻፉ ስላልሽኝ ያየሁትን እጽፋለሁ። መብራቷ አልበራችም። በማሽኑም የለችም፣ በኮምፒውተሩም የለችም። «ቀጭ» የሚለውን ግን ሰምቻለሁ፤ ለመስማት ብዬ ስምንት ጊዜ ነቅዬ ሰክቼዋለሁ። ሌላ ኬብል ገዛሁ። ረዘም ያለ ይሻላል ብዬ ረጅሙን መረጥኩ። እሱም አልበራ አለ።

ከዚያ መብረቅ ዘንድ ሄድኩ። መብረቅ የምንላት ላይኛው ፎቅ ኢንተርኔት ቤት ያላት ሴትዮ ናት። ስሙ የወጣላት ኢንተርኔቷ ቀርፋፋ በነበረበት ዘመን ነው፤ ዛሬ ፈጣን ሆኗል፣ ስሙ ግን ለስድብ እንደወጣ ቀረ። ለካ መሞከሪያ ዕቃ አላት። ኬብሉን በሁለት በኩል ሰካችና ከአንድ እስከ ስምንት ቁጥር የተጻፈበት መብራት ተራ በተራ መብራት ጀመረ። አንድ በራ፣ ሁለት በራ፣ ሦስት ዘለለ። ሁለተኛውም ኬብል እንደዚያው፤ እሱ ደግሞ ስድስተኛውን ዘለለ። በውስጡ ስምንት ቀጫጭን ሽቦ እንዳለ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

መብረቅ የረጅሙን ኬብል ሁለቱንም ራስ ቆርጣ ጣለች። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ ከራሷ አሳጠረች ይባላል፤ በዚህኛው ግን ያሳጠርነው ገመድ ነው የተረፈን። ሽቦዎቹን በየቀለማቸው ደርድራ፣ ጫፋቸውን እኩል አድርጋ፣ አዲስ ራስ አለበሰቻቸው። ቆሜ አየኋት። እጇ ንጹሕ ነው። ሥራውን ለሚያውቅ እጅ እኔ ክብር አለኝ። ይህን ያልኳት ጊዜ ሻይ አስመጣችልኝ።

ሱቄ ተመልሼ ሰካሁት። በራ። አረንጓዴዋ ቀጥ ብላ፣ ብርቱካኗ ጥቅስ ጥቅስ እያለች። ወንበሬን ስቤ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። ጫማ ሰፊውን፣ ቁልፍ ሠሪውን፣ መንገድ የሚያቋርጠውን ሁሉ እየጠራሁ አሳየሁ። አለቀለት መጥቶ አየና መብራት ማብራትማ ፍሪጅም ያበራል ብሎኝ ሄደ።

ክፋቱ፣ ትክክል ሳይሆን አልቀረም። ኮምፒውተሩ አሁንም «አልተገኘም» ይላል። መብራቱ በርቶ ካልተገኘ እንግዲህ ምን ቀረ? እንደ ደንብሽ ከሆነ አሁን ተራው የቁጥሩ ነው። እኔ ግን ቁጥር የሚባል ነገር አላየሁም።

ይህችን ወረቀት ከጀመርኳት ሦስተኛ ቀኔ ነው። ሥራ በዝቶብኝ ነው።

አጎትሽ

*

ታኅሣሥ 11

ይድረስ ለጋሼ፣

እንደምን ሰነበቱ? መብራቷ እንደበራች ያነበብኩት ጣሪያ ላይ መሰላል ተደግፌ ነው። ብቻዬን ሳቅሁ። አለቃችን ከታች ሆኖ ምን ተገኘ ሲለኝ አጎቴ ገመዱን አዳነው አልኩት። መብረቅን ያመስግኑልኝ፤ ኬብል አሳጥሮ ማዳን የደፋር ሥራ ነው።

አሁን ቁጥሩ። ኔትወርክ ላይ ያለ ዕቃ ሁሉ እንደ ቤት ቁጥር የራሱ አድራሻ ያስፈልገዋል። በየቤቱና በየቢሮው ይህን ቁጥር የሚያድል ሳጥን አለ፤ ራውተር ይባላል። መብረቅ ዘንድ አለ፤ እርስዎ ዘንድ ግን የለም። ሁለቱን ዕቃ ፊት ለፊት በአንድ ገመድ ሲያያይዟቸው መሐላቸው አዳይ የለም። ስለዚህ ቁጥሩን በእጅዎ መስጠት አለብዎት።

የማሽኑ ቁጥር በራሱ ትንሽ ስክሪን ላይ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ 192.168.1.100 ነው። ስክሪኑን አይተው ያረጋግጡ። ለኮምፒውተሩ ደግሞ 192.168.1.10 ብለው ይስጡት። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አንድ ዓይነት ይሁኑ፤ መንደራቸው አንድ ነው ማለት ነው። የመጨረሻው ይለያይ፤ ቤታቸው ሁለት ነው። ስክሪኑ ላይ ከሥሩ ያለው የቁጥር ሳጥን 255.255.255.0 ይሁን። የቀረውን ባዶ ይተዉት። ሌላው፣ ኮምፒውተሩ ገመድ አልባውን ኢንተርኔት ከፍቶ ከሆነ ይዝጉት፤ ማሽኑን ገመዱ ላይ መፈለግ ትቶ አየር ላይ እየፈለገ ይሆናል። የት ምን እንደሚጫኑ ከጀርባው ሥዬልዎታለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ካጠፋሁ ይቅር ይበሉኝ። ልጅ ሆኜ ፊደል ያስጠኑኝ እርስዎ ነዎት። ጽሑፍዎ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ነበር። ያሁኑ ደብዳቤዎ መስመሩ ይወጣል፣ ይወርዳል። «ለ»ዋ እግሯ ተሰብሯል። ወንበርዎ ነው ወይስ ሌላ ነገር አለ?

አክባሪዎ፣ የእህትዎ ልጅ

*

ታኅሣሥ 28

ለእህቴ ልጅ፣

ጤናናሽ እንዴት ነው። ይህን በኮምፒውተር ነው የምጽፈው። ኪቦርዱ አርጅቶ ፊደል ይደግማል፤ የተደገመውን እየዘለልሽ አንብቢ። ስለ ፊደሌ የጠየቅሽውን ተይው። ወንበር ነው።

ያልሽውን ሁሉሉ አደረግሁ። የማሽኑን ቁጥር ስክሪኑ ላይ አየሁ፤ እንዳልሽው መቶ ነው። ገመድ አልባውን ዘጋሁ። ለኮምፒውተሩም ቁጥሩን ሰጠሁ። እንዳላጠፋ ብዬ ከስክሪኑ ላይ እያየሁ ይኸው ገለበጥኩልሽ፦ 192.168.1.100። ከሥሩም 255.255.255.0። እሺ የሚለውን ተጫንኩ። ጥጉ ላይ ቢጫ ሦስት ማዕዘን ወጣ። መብረቅ ያስተማረችኝን ጥቁር መስኮት ከፍቼ ፒንግ አልኩ፣ ማሽኑን አለህ ወይ ብሎ መጣራት ማለት ነው፤ መልስ የለም። ማሽኑም አልተገኘም። በማግስቱ ደግሜ ሞከርኩ። ያው ነው።

አለቀለት አሁን ሰሌዳው ተቃጥሏል ይላል፤ የማሽኑ ዋና ሰሌዳ ማለቱ ነው። ልብ ብዬ ስሰማው የመጀመሪያ ጊዜዬ ነው። ስለዚህ መመሪያውን ተይውና ሰሌዳውን ከዚያ ፈልጊልኝ። ሊደርስ የሚችል ካልሆነም ንገሪኝ፤ ለትምህርት ቤቱ እንደማልወዳደር አስታውቃለሁ። ዳይሬክተሯ ጨዋ ሰው ናት፤ ራሷም ዓይነ ስውር ናት። ቀኑ ሲደርስ ከምታጣኝ አሁን ብነግራት ይሻላል።

በእጄ ለመቅረጽ ደግሞ መቶ ስልሳ ብዙ ነው። ብዙ ነው ያልኩሽ በቃ ብዙ ስለሆነ ነው።

አጎትሽሽ

*

ጥር 9

ጋሼ፣

ሰላምታዬን ከእግርዎ ሥር ሆኜ ላቅርብና በቀጥታ ልግባ። ሰሌዳውን አይግዙ። ለዳይሬክተሯም ምንም አይንገሯት። ማሽንዎ ጤነኛ ነው። ይህን ደብዳቤ ወደዚያ የሚመጣ የሥራ ባልደረባዬ በእጁ ያደርስልዎታል፤ በፖስታ ቢመጣ ጥር ያልፍብናል።

ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሁለተኛው ከኪስ ቦርሳዬ እርሳስ አውጥቼ አንድ ቁጥር አከበብኩ። እኔ የጻፍኩልዎ 10 ነው። እርስዎ ከስክሪኑ የገለበጡልኝ 100 ነው። አንድ ዜሮ ተደግማለች። ማሽኑ መቶ፣ ኮምፒውተሩም መቶ። አንድ መንደር ውስጥ አንድ የቤት ቁጥር የተለጠፈባቸው ሁለት ቤቶች ማለት ነው፤ ፖስተኛው የት ይግባ? ቢጫው ሦስት ማዕዘን የሚጮኸው ይህንኑ ነው።

ገምቼ አልጻፍኩልዎትም። በምሳ ሰዓት ከዕቃ ቤት አንድ አሮጌ ዕቃና አንድ ኮምፒውተር አውጥቼ በአንድ ኬብል አያያዝኳቸው። ለሁለቱም መቶ ሰጠሁ። ቢጫው ወጣ፣ ፒንግ መልስ አጣ፤ ልክ የእርስዎ ሆነ። አንዷን ዜሮ አጠፋሁ፤ አራት መልስ መጣ። ምሳዬ ቀዘቀዘ እንጂ ሌላ ችግር አልነበረም።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ። በኮምፒውተሩ ቁጥር የመጨረሻው ሳጥን ውስጥ ያለውን ሁሉ ያጥፉ። 1ን ይጫኑና እጅዎን ከኪቦርዱ ላይ ያንሱ። ከዚያ 0ን አንድ ጊዜ ብቻ፤ እጅዎን ያንሱ። ያነበቡትን ለመብረቅ ያስነብቡ። ፕሮግራሙን ሲከፍቱ ኮምፒውተሩ ልፍቀድለት ወይ ብሎ ከጠየቀዎት ፍቀድ ይበሉ፤ እሱ ዘበኛው ነው፤ አንዴ ከከለከለ በሩን ዘግቶ ይቀራል። ከዚህ በፊት እምቢ ብለውት ከሆነ መብረቅ ታስከፍተዋለች።

አሁን ደግሞ ሌላው። ጋሼ፣ ኪቦርዱ ፊደል እንደማይደግም እኔም እርስዎም እናውቃለን። እጅዎ ነው። መቼ ጀመረዎት?

ይህን ስጠይቅ በባዶ እጄ አልጠይቅም። እማዬ ያረፈች ሳምንት እኔ ሆስፒታል ነበርኩ። ከመሰላል ወድቄ ቀኝ እጄ ሁለት ቦታ፣ ዳሌዬ አንድ ቦታ ተሰብሮ ነበር። መርዶው እዚያው አልጋ ላይ ደረሰኝ። በሐዘን ላይ ሐዘን ልጨምርብዎ አልፈለግሁም። ያቺን ሁለት መስመር በግራ እጄ ነው የጻፍኳት። ግማሽ ቀን ፈጅታብኛለች። ሦስተኛ መስመር ጀምሬ ነበር፣ አልነበብ አለኝና ቀደድኩት። በኋላ ሲሻለኝ ነገሩ ውሎ አድሮ ነበር፤ እንዴት እንደሚጀመር ጠፋኝ። ያኔ ልነግርዎ ይገባ ነበር።

እጄ ዛሬ ደኅና ነው። የእርስዎን ይንገሩኝ።

ልጅዎ

*

ጥር 30

ለልጄ፣

ምስጋና ለፈጣሪ ይሁንና፣ ይህን በእጄ ነው የምጽፈው። መስመሩ ቢዋልልም አቅንተሽ ታነቢዋለሽ።

አራት ዓመት ሙሉ በተሰበረ እጅ የተጻፈ ፊደል ስቀየም ኖርኩ። የፊደል ሰው ነኝ እላለሁ፤ ከሩቅ አይቼ ይህ ማኅተም የማን እጅ እንደሆነ እለያለሁ ብዬ እፎክራለሁ። በግራ እጅ የተጻፈ ፊደል ግን ፊቴ ተዘርግቶ አላወቅሁትም። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ቀን አሮጌዋን ወረቀት አውጥቼ እንደገና አየኋት። ሁሉም ፊደል ወደ አንድ ጎን ዘሟል። ዓይን ላለው ይታይ ነበር። ይቅር በይኝ፣ ልጄ።

የእኔ እጅ የጀመረው ካቻምና ነው። መጀመሪያ የመቅረጫው መርፌ አልያዝ አለኝ፣ ቀጥሎ ቢላዋ፣ ቀጥሎ የሻይ ብርጭቆ። አንድ የሕግ ቢሮ ማኅተም ላይ አንድ ፊደል አበላሸሁና በነፃ ደግሜ ሠራሁ፤ ያን ቀን ነው ማሽን ልግዛ ያልኩት። ሐኪም ዘንድ ሄጃለሁ። መድኃኒት ሰጥቶኛል፤ የሚገድል አይደለም፣ የሚያንቀጠቅጥ ብቻ ነው ብሎኛል። ለማንም አልነገርኩም ነበር። እጁ የሚንቀጠቀጥ ማኅተም ቀራጭና ዓይኑ የማያይ ተኳሽ አንድ ናቸው።

አሁን የምሥራቹን ስሚ። ደብዳቤሽ በደረሰ ማግስት፣ ከምሳ በኋላ፣ መብረቅን ጠራኋት። አለቀለትም ሳይጠሩት መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። የመጨረሻውን ሳጥን አጠፋሁ። 1ን ተጫንኩና እጄን አነሳሁ። እስከ ሦስት ቆጠርኩ። ዜሮን ተጫንኩና እጄን አንስቼ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት፤ ተመልሶ እንዳይሄድ። መብረቅ አነበበችው። አሥር ነው አለች። እሺ ይበሉ አለች። አልኩ።

ቢጫው ሦስት ማዕዘን ጠፋ። ጥቁሩን መስኮት ከፈተችና ፒንግ አለችው። አንድ መልስ መጣ። ሁለት። ሦስት። አራት። ማሽኑ አራት ጊዜ አቤት አለ፣ ልጄ። ፕሮግራሙን ስንከፍት ዘበኛው እንዳልሽው ብቅ ብሎ ጠየቀ፤ ፍቀድ አልነው። «ማሽኑ ተገኝቷል» አለ። ከመኪና ወርዶ ሱቄ ከገባ ወራት ካለፉ በኋላ ተገኘ።

አለቀለት ሁለት እርምጃ ገባ አለና ስክሪኑን አየ፤ ማሽኑን አየ። ቆቡን አውልቆ «ይሄማ ዳነ» አለ። ከአፉ ይህ ቃል ሲወጣ የሰማ ሰው ሰፈራችን ውስጥ የለም። መብረቅ እየሳቀች ወንበር ላይ ቁጭ አለች።

ናሙናው ላይ «ቤተ መጻሕፍት» የሚል ቀረጽኩ። ጨረሩ እየተመላለሰ በፊደሉ ዙሪያ ያለውን እንጨት ሲልጠው ፊደሉ ከመሬት እንደሚወጣ ሆኖ ብቅ አለ። እኔ በሁለት ቀን የማወጣውን በሃምሳ ደቂቃ አወጣው። ቀናሁበት አልልሽም። ትንሽ ቀናሁበት።

ቀነ ገደቡ ሊሞላ ሦስት ቀን ሲቀር ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። የባለ ነሐሱ ሰሌዳ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን ይወጋል። ዳይሬክተሯ መጀመሪያ የእሱን በጣቷ ዳበሰች፤ ከዚያ የእኔን። የእኔ ላይ ቆየች። ጣቷ ከ«ቤ» ተነስቶ ወደ «ት» ሲሄድ ከንፈሯ አብሮ ይንቀሳቀስ ነበር። ከዚያ ወደ ነጥቦቹ ወረደች።

«የነሐሱ በጣም ያምራል ይሉኛል፤ ለጣቴ ግን ዝም ይላል። ይሄኛው ያወራል» አለችኝ።

ደስ ከመሰኘቴ በፊት አንድ ነቀፋ አከለች። ጫፉ ሻካራ ነው፤ ልጆቼ በቀን መቶ ጊዜ ይነኩታል፤ ይፍቅብኛል አለች። እዚያው ቁጭ ብዬ ከቦርሳዬ የብርጭቆ ወረቀት አወጣሁና መፈግፈግ ጀመርኩ። ምን እንዳየሁ ልንገርሽ? ለመፈግፈግ የሚንቀጠቀጥ እጅን የሚያህል የለም። ሳላዘው ይሠራል። አስረከብኳት፤ ዳበሰችና ፈገግ አለች። ሥራው የእኔ ሆነ። መቶ ስልሳውም።

አጎትሽ፣ የእናትሽ ወንድም

*

የካቲት 14

ጋሼ፣

ዓለም ሁሉ ይስማልኝ። ደብዳቤዎን ሥራ ቦታ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ቋንቋችንን ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ቢሆንም አራተኛው መልስ ላይ ስደርስ ሁሉም አጨበጨቡ። ለካ ድምፄ ነግሯቸዋል።

የራሴን የምሥራች ላክልበት። በምሳ ሰዓት የእርስዎን ችግር በጠረጴዛ ላይ ስፈታ አለቃችን ከበስተኋላዬ ቆሞ ሲያይ ነበር። ማን አስተማረሽ አለኝ። አጎቴ በደብዳቤ አልኩት፤ ውሸት አይደለም፤ ያዩትን ብቻ ጽፈው ባይልኩልኝ ከየት አመጣው ነበር? በሳምንቱ ከመሰላሉ አወረደኝ። ከአሁን በኋላ ዘርግተን የጨረስነውን ሁሉ ፈትሼ የማልፈው እኔ ነኝ፤ የራሴ ጠረጴዛና የራሴ መሞከሪያ ዕቃ አለኝ። ዳሌዬ ከእኔ በላይ ተደስቷል።

መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ይውሰዱ። በየሳምንቱ ይጻፉልኝ፣ መስመሩ የፈለገበት ቢሄድም። ስምንት ሰሌዳ በቀን ከቀረጹ በሃያ ቀን ይጨርሳሉ፤ አስልቼዋለሁ። ዕረፍቴን ለሰኔ ጠይቄ ፈቅደውልኛል። እማዬ መቃብር መጀመሪያ የምሄደው ከእርስዎ ጋር ነው።

ልጅዎ

*

መጋቢት 21

ለልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፣

ሰላምታዬ ከደብዳቤው ቀድሞ ይድረስሽ። ስሌትሽ በሁለት ቀን ተሳሳተ፤ ሃያ ሁለት ቀን ፈጀ። ማሽኑ አንድም ቀን አልተገኘም አላለኝም። አለቀለት ሰሌዳ በመፈግፈግ ሲያግዘኝ ከረመ፤ እጁ ጎበዝ ነው፣ ጥፋቱ አፉ ነበር።

ትናንት ሰቀልናቸው። መቶ ስልሳውንም። የመጨረሻው ብሎን ሲጠብቅ ዳይሬክተሯ ተማሪዎቹን ከግቢ አስገባቻቸው። ምንም አልተነገራቸውም። ኮሪደሩ ውስጥ ተበታተኑ። ከወዲያ ማዶ አንዷ «ሙዚቃ ክፍል እዚህ ነው» አለች። አንዱ ከታች «ሳይንስ» አለ። ከዚያ ሁሉም ከበር በር እየተሯሯጡ መጥራት ጀመሩ፤ ኮሪደሩ በበር ስም ተሞላ። እስከ ዛሬ ክፍላቸውን የሚያገኙት በር እየቆጠሩ ነበር አሉ፤ ቁጥሩ የጠፋበት የሌላ ክፍል ገብቶ ይሳቅበት ነበር። አርባ አንድ ዓመት ማኅተም ቀርጬአለሁ፤ ማኅተሜን ሰዎች ረግጠው ሲመቱበት እንጂ ሲያነቡት አይቼ አላውቅም ነበር።

ጫጫታው ሲበርድ ዳይሬክተሯ ክንዴን ያዘች። አሁን ተራው የእርስዎ ነው አለችኝ። ዓይንዎን ይጨፍኑና ቢሮዬ ይምጡ፤ እኔ ገብቼ እጠብቅዎታለሁ ብላ ሄደች። ልጆቹ ግድግዳውን ታከው ቆሙ፤ ሳቃቸውን ያፈኑ ይመስለኛል። ጨፈንኩ።

የሚንቀጠቀጠውን እጄን ዘረጋሁ። የመጀመሪያው በር ላይ ምንም አልገባኝም፤ እንጨት ብቻ ነበር። ቆም ብዬ ጣቴን ቀስ አድርጌ ዳበስኩ። «መጋዘን»። ሁለተኛው «መምህራን»። ሦስተኛው የመጸዳጃ ቤት ሲሆን ልጆቹ አላስቻላቸውም፣ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። አራተኛ፣ አምስተኛ። እጄ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ፊደሉን ይበልጥ ይነግረኝ ጀመር። ሰባተኛው በር ላይ ስደርስ ከ«ዳ» ጀመርኩና እስከ መጨረሻው ሄድኩ። እርግጠኛ ለመሆን ተመልሼ አነበብኩት። ከዚያ አንኳኳሁ።

ከውስጥ ድምፅ መጣ።

«ይግቡ» አለች ዳይሬክተሯ፤ «አልተሳሳቱም።»

እስክንገናኝ ጤና ያሰንብትሽ፣ እግርሽ ወደ ቤት ያቅና።

አጎትሽ